ለእድሩ ዳኛ የሚጮህ፣ ለከንቲባው ለምን ዝም ይላል?

(አንድ ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ መምህር በአዲስ አበባ በወላጆች ቀን ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ስለ ምርጫ አስተምር ስባል አንድ ክፍል ገባሁና "የአሜሪካንን ፕሬዚዳንት የሚያውቅ?" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። "የአርሰናልን አሰልጣኝስ?" ጭራሽ ወንበር ላይ ወጡ። "የወረዳችሁን ምክር ቤት አባልስ?" ጸጥ! አንዱ ብቻ "ቲቸር፣ እሱ ደግሞ ምን ያደርግልናል?" አለኝ።

አልተቆጣሁም። "ዛሬ ጠዋት ምን አደረግህ?" አልኩት። ውሃ ስለጠፋ ጀሪካን ይዞ ወርዷል። ክዳን የሌለውን ቦይ ዘሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ ነው የመጣው። 18 ዓመት ሲሞላው መታወቂያ ፍለጋ ወረዳ ይሄዳል፤ "ነገ ና" ይሉታል። እንግዲህ ውሃው፣ ቦዩ፣ መንገዱ፣ መሬቱ፣ የዚህ ትምህርት ቤት በጀት ሳይቀር የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። ከንቲባውንም እኛ በቀጥታ አንመርጠውም፤ የሚመርጠው ይኸው 138 ወንበር ያለው ምክር ቤት ነው። ይህን ስነግራቸው ግማሾቹ ከንቲባ የሚሾመው ከቤተ መንግሥት ይመስላቸው ነበር። ምን ይፈረድባቸዋል? ያዩት እሱን ነዋ!

ልጆቹ ግን ምርጫ አያውቁም ማለት አይደለም። እድር ያውቃሉ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በስብሰባ እንደሚመረጡ፣ ሒሳብ በአደባባይ እንደሚነበብ ያውቃሉ። አንዷ ተማሪ፣ ገንዘብ ያዡ የድንኳን መግዣ ደረሰኝ አላቀርብም ሲል እናቷ ተነስታ "የለቅሶ ብር ነው የበላኸው!" እንዳለችው ነገረችን። ሰውዬው በወሩ ተነሳ። እኒህ እናት የድንኳን ሒሳብ ሲጎድል የሚጮሁትን ያህል የአስፋልት ሒሳብ ሲጎድል ቢጮሁ ኖሮ (እዚህ ካሉ ይቅርታ ይደረግልኝ) ይህች ከተማ የት በደረሰች! ለእኔ ከመማሪያ መጽሐፉ የሚሻለው ትምህርት ይሄ ነው። ከእድሩ ጀምሩና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ውጡ።

ከዚያ በኋላ ግን እውነቱን ሳንሸፋፍን መንገር አለብን። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እኔ ገና ሳይነጋ ተሰልፌ ነበር። አዲስ አበባ ከ138ቱ ወንበር 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከንቲባ እንዲሆኑ ተመረጡ። ግን ቅንጅት ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፤ በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ግርግር ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ከተማዋም በተሾመ ባለአደራ አስተዳደር እጅ ወደቀች። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግ ያንኑ 137 ወንበር ወሰደ! ቁጥሩ ሳይለወጥ ባለቤቱ ተለወጠ።

በዚህ ጋዜጣ አንባቢ ዘንድ ቢያስቀይመኝም የማምነውን ልናገር፦ ማስረከብ የነበረበት መንግሥት ብቻ አይደለም ጥፋተኛው፤ መረከብ የነበረባቸውም ናቸው። ከተማዋን ይዘው ውሃና ቦይ ላይ ቢሠሩ ልጆቻችን "ምን ያደርግልናል?" ባላሉ ነበር። የተከፈለው ደም ግን የሚረሳ አይደለም፤ እሱን ለይቼ ነው የምናገረው።

የቀበሌውማ ይብሳል። በዚያው በ2000 ዓ.ም. የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ወንበር እንዲደርስ ተደረገና በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመራጭ ተገኘ! በ2005 ዓ.ም. 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተላለፈ፤ የአዲስ አበባው ምክር ቤት ዕድሜው ተራዘመ፤ ቻርተሩም ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጪ የሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆኖ ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ። አዲስ አበቤ ለከተማው ምክር ቤት እንደገና ድምፅ የሰጠው በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ይላል!

ታዲያ ይህን ሁሉ አውቀው ልጆቹ "ድሮም ዋጋ የለውም" ቢሉስ? ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ስብከቱን ትቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የወረዳውን ምክር ቤት አባል ስም፣ የመጨረሻ ስብሰባውን ቀንና የሰፈሩ ቦይ በበጀት ውስጥ መኖር አለመኖሩን ጠይቆ ይምጣ አልኩ። ወላጆች አብራችኋቸው ሂዱ፣ ብቻቸውን አትላኳቸው።

ያ "ምን ያደርግልናል" ያለው ልጅ ትናንት ሄዶ ነበር። ዘበኛው በር ላይ አስቁሞ "ለምን ፈለግኸው?" አለው። ልጁም "የኛ ስለሆነ" አለ። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲመጣ ቀጥረውታል። አብሬው እሄዳለሁ።