በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ስለ መጻፍ



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ከእንግሊዝኛ ጋር እንደሚገናኝ ልብ ብላችሁት ይሆናል። ከውጭ አገር ዕቃ አቅራቢ ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥ፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅት የሚመጣው ጥያቄ፣ የመሣሪያው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ቋንቋ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንንም የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋውን እናውቀዋለን ብለን እንተማመናለን፤ እውነትም እናውቀዋለን። ነገር ግን አሳባችን አስቀድሞ በአማርኛ ከተሰናዳ በኋላ የእንግሊዝኛ ልብስ ለብሶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ልብሱ የእንግሊዝ ይሁን እንጂ አካሄዱ የአማርኛ ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ የምናገረው ጆሮዬን ስለሚቆረቁሩኝ ጥቂት ስሕተቶች ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚጎዱት ጆሮን ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ሥራ ያበላሻሉ። እኔ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ሁለተኞቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ቃሉ ሲሰሙት ደኅና ስለሚመስል ማንም አያርመውም።

ለምሳሌ በአማርኛ «ገንዘቡ አልተከፈለም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ገንዘቡ ካልተከፈለ «አዎ» ብሎ ይመልሳል። «አዎ፣ እንዳልኸው ነው፤ አልተከፈለም» ማለቱ ነው። በአማርኛ መልሱ የሚያጸናው የጠያቂውን ቃል ነው። እንግሊዝኛ ግን ጥያቄው በአዎንታ ይምጣ በአሉታ ደንታ የለውም፤ የሚመለከተው ነገሩ መደረጉን ወይም አለመደረጉን ብቻ ነው። ካልተከፈለ መልሱ «ኖ» ነው። እንግዲህ አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ከባሕር ማዶ በስልክ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «የስ» ብሎ ስልኩን ቢዘጋ፣ በዚያ ወገን ያለው ሰው ገንዘቡ ተከፍሏል ብሎ በመዝገቡ ሊያሰፍር ይችላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚደርሰው ደብዳቤ የቁጣ ደብዳቤ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፤ አንዱም ሰነፍ አይደለም። በእንዲህ ያለው ጥያቄ ጊዜ በአንዲት ቃል ከማቆም ይልቅ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማድረስ፣ ማለት ተከፍሏል ወይም አልተከፈለም ብሎ በሙሉ ቃል መናገር ከብዙ ክርክር ያድናል።

የጊዜም ነገር እንዲሁ ነው። እኛ «እስከ ዓርብ ድረስ እቆያለሁ» ስንልም፣ «እስከ ዓርብ ድረስ ሪፖርቱን አቅርብ» ስንልም በአንድ ቃል እንጠቀማለን፤ ልዩነቱን የሚያስረዳልን ግሡ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ሳይቋረጥ እስከ ዓርብ ለሚዘልቀው «አንቲል» ይላል፤ ከዓርብ ሳያልፍ ተፈጽሞ ለሚያልቀው ደግሞ «ባይ» ይላል። ሪፖርቱን «አንቲል» ዓርብ አቅርቡ ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ጥቂት ያስፈግገዋል እንጂ አሳቡ አይጠፋም። ዐረፍተ ነገሩ በአሉታ ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል። «እስከ ዓርብ አንከፍልም» የሚለው «አንቲል» ሲገባበት ዓርብ እንከፍላለን የሚል ተስፋ ይሰጣል፤ «ባይ» ሲገባበት ግን ዓርብ ቢደርስም ክፍያው ተፈጽሞ አይገኝም ማለት ነው። ባለ ዕዳውን የሚጠብቀው ሰው ምን ተስፋ እንደሚያደርግ የሚወሰነው በዚህች ትንሽ ቃል ነው።

ስለ ሰዓት አቈጣጠራችንማ ምን እላለሁ! ከንጋት ጀምረን ቈጥረን «ነገ በ3 ሰዓት» ያልነውን ቃል በቃል «ስሪ ኦክሎክ» ብለን ከጻፍነው፣ እንግዳው የሚመጣው በእኛ 9 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቡናው ይቀዘቅዛል። የዓመቱም ቍጥር በ7 ወይም በ8 ስለሚለይ በማን አቈጣጠር እንደሆነ ሳይገልጹ ቀን መጻፍ ለአንባቢው ዕንቍቅልሽ መስጠት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ቀለል ያሉ ናቸው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከማለት ልማዳችን የተነሣ «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ እንግሊዙ «አባውት»ን በዚያ ቦታ አይፈልገውም። «ምንም እንኳ» ብለን ጀምረን «ግን» ብለን ስለምናሳርፍ፣ «ኦልዞው» ያልንበትን ዐረፍተ ነገር በ«በት» እናሰናክለዋለን። «አይደለም?» የምትለዋ ቃላችን ለማናቸውም አነጋገር ስለምትስማማ «ኢዝንት ኢት» የምትለውንም በየአነጋገሩ ጫፍ እንቀጥላታለን። «መረጃዎች»፣ «ዕቃዎች»፣ «ምክሮች» ማለት ስለምንችል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ኢክዊፕመንትስ»፣ «አድቫይስስ» እንላለን፤ እንግሊዞች ግን እነዚህን እንደ ውኃ እንጂ እንደ ብርቱካን አይቈጥሯቸውም። በዚህ የሚስቅ ሰው አለ። ያው ሰው በአማርኛ ሲጽፍ ግን፣ «መምህራን» ብሎ በግዕዙ ሥርዓት ያበዛውን እንደገና «መምህራኖች» ሲለው አይቻለሁ።

የበታች ጸሐፊውን ረቂቅ በቀይ ቀለም ሲያጥለቀልቁ መዋል የሚወዱ አለቆችም አሉ። ለእነዚህ የምነግራቸው፣ እንግሊዞች ራሳቸው ሕግ ከሚሏቸው አንዳንዶቹ የአንድ ሰው ምርጫ ኋላ እንደ ሕግ የተቈጠረ መሆኑን ነው። «ሌስ» ለማይቈጠር፣ «ፊውር» ለሚቈጠር ይሁን የሚለውን አሳብ ሮበርት ቤከር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1770 ዓ.ም. ሲያቀርበው እንደ ሕግ አላወጀውም፤ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል ነው ያለው። ሮበርት ላውዝ የተባለው፣ ኋላ ጳጳስ የሆነው ሊቅ፣ በ1762 ዓ.ም. ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ዐረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ለተራ ንግግር እንደሚስማማ፣ ለከበደ ጽሑፍ ግን ሌላው መንገድ እንደሚያምር ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡት አስተማሪዎች ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው እያሉ ልጆችን አስጨነቁ። እንግዲህ ትርጕሙ የቀና ደብዳቤ በእንዲህ ያለው ምክንያት እንደገና ታይፕ ይደረግ ተብሎ ሲመለስ፣ የሚባክነው ወረቀትና ጊዜ ያሳዝናል።

በአንጻሩ፣ ያ ቀይ ቀለም ሳይነካው የሚያልፍ አንድ ስሕተት በየደብዳቤው አድራሻ ላይ ይገኛል። በአማርኛችን «ሚኒስቴር» መሥሪያ ቤቱ ነው፤ አጠራሩም የፈረንሳይኛውን ይከተላል። «ሚኒስትር» ደግሞ ሰውዬው ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን «ሚኒስተር» ሰውዬው፣ «ሚኒስትሪ» መሥሪያ ቤቱ ነው። አያችሁ እንግዲህ፤ የእኛ የመሥሪያ ቤት ስም ለጆሮ የሚቀርበው ከእነርሱ የሰው ስም ጋር ነው፤ የእኛ የሰው ስምም ከእነርሱ የመሥሪያ ቤት ስም ጋር። ወጥመዱ በሁለት በኩል የተዘረጋ ስለሆነ በአማርኛው «ሚኒስቴሩ ፈረሙ» ይባላል፤ ሕንፃው ብዕር ያነሣ ይመስል። በእንግሊዝኛው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የታሰበው ደብዳቤ ለሰውዬው ይጻፋል። ደብዳቤው የያዘው የሦስት ካርቶን ወረቀት ጥያቄ ቢሆንም እንኳ፣ ባለ አድራሻው እርሳቸው ናቸውና መዝገብ ቤቱ ሳይከፍት ወደ ክቡር ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ያሳልፈዋል።