ቶኑን ተዉት፤ የት እንደቆመ ንገሩን!
(ለፋርማሲ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር)

ስለ መድኃኒት እናንተን ላስተምር አልመጣሁም፤ ድፍረት ይሆንብኛል። የመጣሁት ስለ መኪና፣ ስለ ነዳጅና ስለ ማህተም ላወራችሁ ነው።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ እንዳለበት ታውቃላችሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ እርጥብ ሸክላ ውስጥ ታስቀምጥና «ኧረ መብራቱ መጣ ወይ?» ስትል ታድራለች። ይህ እንግዲህ አዲስ አበባ ነው፤ ፋርማሲው ከደጃፋችን። በጦርነቱ ጊዜ መቀሌ የነበሩት እናቶችስ?

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በትግራይ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ የሚጠጉት መዘረፋቸውን፣ በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ተናገረ። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲዘልቅም እዚያ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ዘራፊው እንደየቦታው ይለያይ እንጂ ባዶው መደርደሪያ ያው ነው።

የባሰው በኋላ መጣ። በ2014 ዓ.ም. የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ጓንት እያጠቡ መልሰው እስከማጥለቅ ደረሱ። ጥር 18 ቀን ቀይ መስቀል በአውሮፕላን መድኃኒት መቀሌ አደረሰ፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። በየካቲት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር በኋላ ተፈቀደለት። ደስ አለን። ምን ዋጋ አለው! መድኃኒቱ መቀሌ ደርሶ ቆመ። ለምን ቢሉ፣ ወደየወረዳው የሚያደርስ ነዳጅ የለም!

እስቲ አስቡት። ሪፖርቱ ላይ «ደርሷል» ተብሏል፤ ቶኑ ተቆጥሯል። ታማሚው ጋ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም።

መንግሥት እኔ አልከለከልኩም፣ መንገዱን የዘጋው ውጊያው ነው ይል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች ደግሞ ከበባ አሉት። በመጋቢት ተኩስ ጋብ ሲል መኪና መግባት ጀመረ፤ ነሐሴ ላይ ውጊያው ሲያገረሽ ተመልሶ ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ኅዳር 6 ቀን 2 የቀይ መስቀል የጭነት መኪኖች 40 ቶን የሕክምና ዕቃ ይዘው መቀሌ ገቡ። ሁለት ሳምንት ብቻ! አዲስ ወደብ አልተከፈተ፣ አዲስ ድልድይ አልተሠራ። የተጨመረው ፊርማ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የሞተው በመኪና እጦት ነው ትሉኛላችሁ?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። «ይህን ያህል ቶን ተላከ» የሚል ዜና ስንቴ ጽፌያለሁ! የት መጋዘን እንደቀረ፣ በየትኛው ኬላ እንዳደረ፣ ማቀዝቀዣው ይሥራ አይሥራ ጠይቄ አላውቅም።

ከእናንተ አንዱ ነገ መጋዘን ይመደባል። «ደርሷል» በሚል ቅጽ ላይ ፈርም ሲባል፣ እባካችሁ፣ የት ደረሰ? ብሎ ይጠይቅ። አለቃው ይቆጣ ይሆናል። ያኔ ለእኔ ይደውልልኝ፤ ስሙን አላወጣም።