በልግ ሳይገባ የአደን ቀበሌን ስለ መጠበቅ

ወገኖቼ!

ዛሬ የምነግራችሁ የደጋ አጋዘን በፈቃድ ስለሚታደንበት ጫካ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም። በብዛት ያለውም በባሌና በአርሲ ተራሮች ነው።

በየካቲት አስታው እንደ ጭድ ይነዳል። ለከብት ሣር ይብቀል ተብሎ የተለኮሰ እሳት ካመለጠ ጫካውን ይበላል። በልግ ሲጥል ደግሞ የተራቆተው አፈር ይታጠባል፤ ምንጩም ይደፈርሳል።

እንግዲህ ዝናቡ ሳይመጣ ሦስት ሥራ አለብን።

አንደኛ፦ በጫካውና በማሳው መካከል ያለውን ሣር አጭደን፣ እሳት የማይሻገረው ባዶ መሬት እናብጅ።

ሁለተኛ፦ ወጥመድ ፈልገን እንንቀል። በፈቃድ የሚታደነው ወንዱ ብቻ ነው፤ ወጥመድ ግን እናቲቱን ከግልገሏ አይለይም።

ሦስተኛ፦ ጎርፍ መንገዱን እንዳይቆርጠው ቦዩን እንጥረግ።

አዳኝ ቢቀር ገንዘብ ይቀራል፤ ጫካ ቢያልቅ ግን ውኃ ይነጥፋል። ስለዚህ ጫካችንን እንጠብቅ!