ርግጫውን እንጂ ሰውየውን አላወቅንም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ አንድ ሰው ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችንን እናቀርባለን። ሰውየው ብሩስ ሊ ነው። ስሙን ያልሰማ ወጣት በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ይገኛል ብለን አናምንም። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ርግጫውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ይኽን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ሁለት ጓደኞቻችን ቅዳሜ ቀን ስንቃቸውን ለማምጣት ወደ ገጠር ሲሄዱ፥ በፊልም ያዩትን ርግጫ በጨዋታ ሲሞካከሩ የአንደኛው ክንድ ተሰበረ። ጨዋታው ወደ ጠብ ተለወጠ፤ የሁለቱም ወንድሞች ዱላ አነሡ። ሽማግሌዎች ገብተው ባያስታርቁ ኖሮ ነገሩ ወዴት ይደርስ እንደ ነበር የጎጃም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛም በዚያ ቆመን እየሳቅን እንመለከት ነበርና ዛሬም ያሳፍረናል።

ብሩስ ሊ ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቻይና ኦፔራ ተዋናይ ነበሩ። እርሱም በሆንግ ኮንግ ሲያድግ ገና በልጅነቱ በብዙ ፊልሞች ታየ። በወጣትነቱ ኢፕ ማን ከተባሉ መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የተባለውን የቻይና የትግል ጥበብ ተማረ። ዳሩ ግን የመንገድ ጠብ ስላልተወ ወላጆቹ በ1951 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ላኩት።

በዚያም በሲያትል ከተማ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ እየሠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ፤ ቀጥሎም በዋሽንግተን ዩኒቨርስቲ ቴአትርና ፍልስፍና ተማረ። ያወቀውንም ጥበብ ነጭ ጥቁር ሳይለይ አስተማረ። በ1959 ዓ.ም. «ግሪን ሆርኔት» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የረዳትነት ቦታ ቢያገኝም፥ በአሜሪካ ዋና ተዋናይ የሚያደርገው አልተገኘም። በ1962 ዓ.ም. ክብደት ሲያነሣ ወገቡ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሐኪሞችም ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው ሊራገጥ እንደማይችል ነገሩት።

እርሱ ግን ለወራት ተኝቶ ሳለ መጽሐፍ አነበበ፤ ሐሳቡንም ጻፈ። ድኖ ወደ ሆንግ ኮንግ ከተመለሰ በኋላ በ1964 ዓ.ም. የታየው «ቢግ ቦስ» ስሙን አስጠራው። በ1965 ዓ.ም. የታየውን «ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን» ድርሰቱን ራሱ ጽፎ፥ ራሱ አዘጋጅቶ፥ ራሱ ተጫወተበት። ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. አንጎሉ አብጦ በ32 ዓመቱ ሞተ። ዓለምን ያስደነቀው «ኤንተር ዘ ድራገን» ለሕዝብ የታየው ከሞተ በኋላ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ አንድ ርግጫ በፊልም የሚታየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ከበስተጀርባው ያለውን የብዙ ዓመት ልምምድ፥ የአስተናጋጅነቱን ሥራና የአልጋ ላይ ንባቡን ግን ፊልሙ አያሳየንም። በፊልም የተመታው ሰው ተነሥቶ ምሳውን ይበላል፤ በቡሬ መንገድ የተመታው ግን ላይነሣ ይችላል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ «ወንድ ልጅ ተመትቶ ዝም አይልም» እያላችሁ ባታሳድጉን እንለምናችኋለን። መምህሮቻችንም ሆይ፤ ይኽን ስፖርት ከመከልከል ይልቅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በዐዋቂ ሰው እየተመራን የምንለማመድበትን ቦታ ብትፈቅዱልን፥ በየመንገዱ የሚደረገው ሙከራ ይቀራል ብለን እናምናለን።

ብሩስ ሊ የራሱን የትግል ጥበብ «ጂት ኩን ዶ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜው የሚመጣውን ቡጢ የሚያቋርጥ መንገድ ማለት ነው። በእርሱ ቋንቋ «ዶ» መንገድ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በግዕዝም «ፍኖት» መንገድ ነው። የከተማችንም ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። እንግዲህ ቡጢ በመካከላችን ሲነሣ ቆመን የምንስቅ ሳንሆን፥ ቀድመን የምናቋርጥ እንሁን።