አንድ ደቂቃ ስሟቸው



እናንተ የዛሬዎቹ የገነተ ማርያም ተመራቂዎች የታችኛውን ክፍል ልጆች ንባብ ለማስተማር ሠልጥናችኋል። እኔ ደግሞ ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እንድናገር ተጋብዣለሁ። ምስጋናው ይገባቸዋል። የነገሌ ቦረናው ተወላጅ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳለ፣ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ማጣቱ እረፍት ነሳው። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር መሥርቶ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። በላስታ ዳገት የምትኖሩ እናንተ ይህን ስትሰሙ ፈገግ ማለታችሁ ገብቶኛል፤ አህያ እዚህ ያልተሸከመው ነገር የለም።

ነገር ግን መጽሐፍ ደረሰ ማለት ልጁ አነበበ ማለት አይደለም። ይህን በቁጥር ያሳየን በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የተደረገው የንባብ ምዘና ነው። ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ ክፍል ያለፉ ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ።

የዚያ ምዘና አሠራር ምን ነበር? መዛኙ ከልጁ አጠገብ ይቀመጣል፣ አንድ ገጽ ይሰጠዋል፣ ሰዓት ይይዛል፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል፣ በመጨረሻም ስላነበበው ይጠይቀዋል። እዚህ የተቀመጡት የኔታዎች ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነባቸው አውቃለሁ። ፊደል ከማስቆጠር እስከ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ፣ እያንዳንዱ ልጅ ፊታቸው ቀርቦ ካላነበበ ወደሚቀጥለው አያሻግሩትም። እውነቱን ለመናገር ግን በቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ ግዕዙን እያንበለበለ ትርጉሙ ሳይገባው የሚቆይበት ዘመን ረጅም ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ፣ “ምን ይላል?” የሚለውን፣ ከአዲሱ ምዘና ብንወስድ አንጎዳም።

ቅር የሚለኝ ጥናቱ የት እንደሚቀር ነው። በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን የተፈለፈለችውን ይህችን የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንት የውጭ ሊቅ አጠናት! ጽሑፋቸውን ያየ ስንቶቻችን ነን? የልጆቻችን ውጤትም እንዲሁ ሪፖርት ሆኖ ይሄዳል፤ እናት ግን ልጇ ያነብ እንደሆነ አታውቅም።

ገንዘቡም ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ስንት ሥራ በመንገድ እንደቀረ ታውቃላችሁ። እዚህ ደግሞ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ባለው ግጭት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅና የአሥራ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። በዕድሜም በክፍልም አትመድቧቸው፤ በንባባቸው መድቧቸው።

ይህን ለማድረግ ፕሮጀክት አትጠብቁ፤ አንድ ገጽና አንድ ሰዓት ይበቃል። መስከረም ላይ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ደቂቃ ስሙ፣ ጻፉ፤ ጥር ላይ ድገሙት፣ ሰኔ ላይም እንዲሁ። ትልቁን ልጅ ሌሎቹ ፊት አትፈትኑት፣ ያፍርና ይቀራል። ውጤቱን መጀመሪያ ለወላጅ ንገሩ፣ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ ስጡ፤ መዝገቡ ግን ከትምህርት ቤቱ አይውጣ። ድርጅት ሲመጣም መዝገቡን አውጡና የትኛው ልጅ የት ላይ እንደቆመ እናንተ ንገሩት።