ሚዛኑ የሚያውቀውና የማያውቀው



ክብደት ለመቀነስ የሚጥር ሰው መቀነሱን በምን ያውቃል? አብዛኞቻችን «በሚዛን» እንላለን። ይሁን እንጂ እኛ የምንጠይቀው ስለ ስብ ነው፤ ሚዛኑ ግን ስቡን፣ ጡንቻውን፣ አጥንቱን፣ ውኃውንና ገና ያልተፈጨውን ምግብ ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠናል።

ከእነዚህ መካከል ፈጥኖ የሚለዋወጠው ውኃ ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት አለው፤ መጠኑ በአንድ ጎልማሳ ዘንድ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ እንጀራና ዳቦ በድንገት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት 1 ወይም 2 ኪሎ ቢቀልል፣ የሄደው በአመዛኙ ውኃ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ በየዓመቱ እናየዋለን። 55ቱን ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ ወጥቶ 2 ኪሎ ጨምሮ ሲያገኘው ድካሙ ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 2 ኪሎ ስብ በአንድ ቀን ለማከማቸት ሰውነት ከሚፈልገው በላይ ከ15,000 ኪሎ ካሎሪ የሚበልጥ መብላት ያሻል፤ ዶሮ ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ይህ የሚቻል አይመስለኝም። የጨመረው ጨውና እንጀራ የያዙት ውኃ፣ እንዲሁም በአንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ብዙ ሴቶች ከወር አበባ በፊት የሚያዩት ጭማሪም እንዲሁ በአብዛኛው ከውኃ የመጣ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑን እንጣለው ማለቴ አይደለም። ጠዋት፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስና በዚያው ሚዛን የተለካ ክብደት ጥሩ መረጃ ነው፤ የሳምንቱ አማካይ ከቀደመው ሳምንት አማካይ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ይበልጥ ይታመናል። በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚጠብቁትን ልጆች ሥራ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ ፒያሳ ከምሳ በኋላ ከነጫማው፣ በሳምንቱ ሜክሲኮ በሌላ ሚዛን የተመዘነ ሰው ስለ ሰውነቱ ያወቀው ጥቂት ነው።

ከሚዛን ውጭ እኔ የማስቀድመው የልብስ ሰፊን ሜትር ነው። ምክንያቱም ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጋልጠው የሆድ ዕቃን የከበበው ስብ ነው፤ ይህን ደግሞ ወገብ ከኪሎ የተሻለ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት አደጋው መጨመር የሚጀምርበትን መጠን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ያስቀምጣል። ቁጥሮቹ በአመዛኙ ከአውሮፓውያን ጥናቶች የተገኙ በመሆናቸው፣ እኔ ወገብ ከቁመት ግማሽ አይብለጥ የሚለውን መለኪያ እመርጣለሁ፤ 170 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ሰው ወሰኑ 85 መሆኑ ነው። ቀበቶም ቢሆን የዋዛ መለኪያ አይደለም። የሰውነት እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው ጡንቻ እየገነባ ስብ ሲቀንስ ኪሎው ባለበት ይቆምና የቀበቶው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል።

በዕድሜ ለገፋን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ የቀነስነው ምንድን ነው? በምግብ እጥረት ብቻ የቀነሰ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። ሚዛኑ ይህን እንደ ድል ይቆጥረዋል፤ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት ሲያቅት ግን እግር እውነቱን ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምስጋና፣ «ምነው ከሳህ?» ደግሞ የሥጋት ጥያቄ ነበር። ዛሬ በከተማው ነገሩ እየተገለበጠ ነው፤ የከሳውን «ምን ተጠቅመህ ነው?» ብለን እናደንቀዋለን። የእናቶቻችን ጥያቄ ግን የሕክምና መሠረት አለው። ሳይፈልግ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የክብደቱን 5 በመቶ ያጣ ሰው፣ ማለትም 70 ኪሎ ከነበረ 3 ኪሎ ተኩል፣ መመርመር አለበት። የውኃ ጥምና የሽንት መብዛት ካለ ስኳር፣ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳልና የሌሊት ላብ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ታስቦበት የቀነሰውንና በሕመም የቀነሰውን አይለይም።

ሜትር ይዤ መጥቻለሁ። የሚለካው እምብርት ላይ ሳይሆን ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው፤ ትንፋሽ በዝግታ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ሳይሳብ። ፈቃደኛ የሆነ ወደ ፊት ይምጣና በተግባር እናሳይ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን።