የተደረበው ዳዩ ነው ወይስ ምቱ? የሳንቲም ስሕተቶችን ስለ መለየት



ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ ውስጥ አሮጌ ገንዘብ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ ባለ 10 ሳንቲም አሳዩኝ። በ1969 ዓ.ም. የታወጀው፣ በአንድ ገጹ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው የደጋ አጋዘን ያለበት ነው። ከፊደላቱ ጎን ሁለተኛ ፊደል የሚመስል ጥላ ይታያል። «ዶክተር፣ ስሕተት ያለበት ሳንቲም ውድ ነው ይባላል፤ ይሄ እውነተኛ ነው?» አሉኝ። በባዶ ዓይኔ አይቼ ብቻ «ነው» አልኳቸው። ቃሌን አምነው መሰሎቹን ከሌላ ሰው በብዙ ብር ገዙ። በኋላ በአጉሊ መነጽር ስንመረምራቸው አንዱም እውነተኛ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ስሕተት ዕዳ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የመሥሪያ ቤት ማኅተም ማሰብ ይበቃል። መቺው እጁ ቢንቀጠቀጥ ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ይደረባል፤ ማኅተሙ ግን ጤነኛ ነው። ቀራጩ ራሱ ፊደሉን አዛንፎ ሁለት ጊዜ ቀርጾት ከሆነ ግን በዚያ ማኅተም የተመታ ወረቀት ሁሉ ያንኑ ድርብ ያሳያል። ሳንቲም የሚመታበት የብረት ዳይም የሚሠራው ምስሉን በያዘ ዋና ብረት በኃይል ተጭኖ ነው። በቀድሞው አሠራር ምስሉ በደንብ እንዲሰርጽ ዳዩ በእሳት እየለዘበ ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫን ነበር። ሁለተኛው ጫና ከመጀመሪያው ጥቂት ከተዛነፈ፣ ስሕተቱ በዳዩ ላይ ይቀራል። ዝነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1955 ፊላደልፊያ የተመታው የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲም ነው፤ ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፉ በባዶ ዓይን እንኳ ተደርበው ይታያሉ። ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሕዝብ እጅ እንደ ገቡ ይገመታል።

እንግዲህ እውነተኛው በምን ይለያል? በመጀመሪያ በቅርጹ ነው። የዳይ ድርብ እንደ ዋናው ፊደል ሙሉና ክብ ሆኖ ይነሣል፤ ፊደሉን ያወፍረዋል፣ ጫፎቹንም ለሁለት ይከፍላቸዋል። ዳዩ ላልቶ በምት ቅጽበት ሲንቀሳቀስ የሚፈጠረው ጥላ ግን የፊደሉን ጎን ጨፍልቆ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እርከን ይተዋል፤ ፊደሉም ይቀጥናል። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው ይኸኛው ነው። በሥራ ያረጀ ዳይ ደግሞ ፊደሉን ያሳብጠዋል፣ ዙሪያውንም ያደበዝዘዋል። የግእዝ ቁጥሮቻችን ለዚህ ምርመራ ይመቻሉ፤ ፲፱፻፷፱ ከላይና ከታች ሰረዝ ስላለው፣ የሰረዞቹን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ማየት ብዙ ይነግራል።

ሁለተኛው መለያ መደጋገም ነው። የዳይ ስሕተት ከዚያ ዳይ በወጣ ሳንቲም ሁሉ ላይ፣ በዚያው ቦታና በዚያው አቅጣጫ ይገኛል። ነጋዴው የገዟቸው ሳንቲሞች ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ላይ የተደረቡ ነበሩ። ይሁን እንጂ መደጋገም ብቻውን አይበቃም፤ የአረጀ ዳይ ጉድለትም ይደጋገማልና። ሁለቱ ማስረጃዎች አብረው መገኘት አለባቸው።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ1936ቱም ሆነ የ1969ኙ ሳንቲሞች ዓመተ ምሕረታቸው ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል፤ የኋለኞቹም ከአንድ በላይ በሆኑ ማተሚያ ቤቶች ነው የወጡት። ስለዚህ የሁለት ሳንቲሞች አንበሳ በጎፈሩ ቢለያይ የሥሪት ልዩነት እንጂ ስሕተት አይደለም። ማነጻጸር ያለብን መጀመሪያ ሥሪታቸው አንድ የሆኑትን ለይተን ነው።

ወደ ነጋዴው ተመልሼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ያወጡትን ብር ግን ይቅርታዬ አልመለሰላቸውም። ምሁር ሲናገር ገበያው ይሰማል፤ ስለዚህ ሳንመረምር «ነው» ከማለት «ቆዩኝ፣ ልየው» ማለት ይሻላል። ዛሬ እሳቸው ዘንድ ስሕተት ያለበት ሳንቲም ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «መሳዩ የታለ?»